በሊማ ላይ ለወራት የሚነጠፈው ደመና ለምን አይዘንብም?

ጥያቄ፦
የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ብትገኝም በረሃማ ናት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሰማይዋ በግራጫ ደመና ተሸፍኖ ይከርማል፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። በአገራችን ክረምት ሰማዩ እንዲህ ከከበደ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። ለመሆኑ ይህ ደመና የማይዘንበው ስለ ምንድን ነው? ካልዘነበስ ለአየር ንብረት ምን ይፈይዳል?

ምላሽ 1፦
ውድ ጠያቂ፣ ምክንያቱ ከደመናው በታችም በላይም አለ። ከታች፣ ሁምቦልት የሚባለው የባሕር ጅረት ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ በላዩ ያለው አየር እርጥበት ቢሸከምም ሽቅብ የሚያስወጣ ሙቀት አያገኝም፤ ከላይ ደግሞ ከከፍተኛ ግፊት ቀጣና ቁልቁል የሚወርደው አየር እየታመቀ ስለሚሞቅ በቀዝቃዛው አየር ላይ እንደ ክዳን ይገጠማል። ደመናው ማደግ ሲሳነው ወደ ጎን ይነጠፋል። ስትራተስና ስትራቶኩሙለስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ዝናብ እስኪሆኑ አይገዝፉም። የአገራችን የክረምት ዝናብ ደመና ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ያድጋል።

ምላሽ 2፦
ጨርሶ አይዘንብም ማለት አይደለም፤ የሊማ ሰዎች «ጋሩዋ» የሚሉት ካፊያ አለ። ደመናው የሚነካቸው ኮረብቶች በዚያ ወቅት ይለመልማሉ፤ ቧንቧ ያልደረሰባቸው ነዋሪዎችም መረብ ዘርግተው ከጉሙ ውኃ ያጠራቅማሉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ደመና ሙቀትን አፍኖ ይይዛል ሲባል እንሰማለን፤ ታዲያ ይህ ደመና ምድርን አያሞቅም?

ምላሽ 3፦
ሌሊት ላይ እውነት አለዎት። ጠቅላላ ሒሳቡ ሲታይ ግን የሚያሞቁት በአብዛኛው ከፍታ ላይ ያሉት ስስና በረዷማ ደመናዎች ናቸው። ዝቅተኛው ደመና ሙቀቱ ከባሕሩ ብዙም ስለማይለይ ወደ ጠፈር የሚለቀው ጨረርም ከባሕሩ ጋር ይቀራረባል፤ በአንጻሩ ጥቁሩ ባሕር ሊውጠው የነበረውን የፀሐይ ብርሃን በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ስትራቶኩሙለስ በካሊፎርኒያ፣ በናሚቢያና በአንጎላ ዳርቻም ተነጥፎ፣ በአማካይ የምድርን ገጽ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሸፍን ውጤቱ ቀላል አይደለም። አሳሳቢው ነገር ባሕሩ ሲሞቅ ይህ ሽፋን መሳሳቱ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥን ጥናቶች የሚገመግመው የመንግሥታት ቡድን (አይፒሲሲ) የ2021 ሪፖርትም ደመናዎች በጥቅሉ ሙቀት መጨመሩን እንደሚያባብሱት ደምድሟል። በዚህ ላይ ከ2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ በመደረጉ፣ የመርከብ ጭስ በእነዚህ ደመናዎች ላይ ያሰምራቸው የነበሩት፣ የፀሐይ ብርሃንን አብዝተው የሚያንጸባርቁት ደማቅ መስመሮች ቀንሰዋል። አየሩን ማጽዳቱ ተገቢ ነበር፤ ለቅርብ ዓመታት ሙቀት ያለው ድርሻ ግን እስካሁን ሊቃውንቱን ያከራክራል።