አዲሱ ጌጅ መርፌው አያርፍም፣ ነዳጅም ገልብጦ ያነባል (ላንድሮቨር ሲሪስ 3)

የአባቴ_ላንድሮቨር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የያዝኩት እ.ኤ.አ. የ1974 ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው፤ ሞተሩ 2.25 ሊትር ቤንዚን። መኪናው የአባቴ ነው። "ነበር" ስል ስለሚቆጣ "ነው" ልበል። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ክብ ጌጆች እሱ "ሰዓት" ይላቸዋል። የፍጥነቱ ሰዓት ከ60 ሲያልፍ መርፌው እንደ ቄጤማ ይንቀጠቀጣል። በሌላው ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። ሞተሩ መፍላቱን በእንፋሎቱ ከማወቅ በመርፌ ማወቅ ይሻላል ብዬ አዲስ ሁለት ጌጅ ገዛሁ። አንዱ በሴንሰር የሚሠራ የፍጥነት ቆጣሪ ነው፤ ሌላው ነዳጅ፣ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና ቮልት አንድ ላይ የያዘ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ ኤልኢዲ ናቸው።

ዳሽቦርዱን ለመቁረጥ እጄ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ በካርቶን ልክ አወጣሁ። ከኋላ የሚነካው ነገር እንዳለም አየሁ፤ ጥልቀቱ ለጥቂት ነው የበቃኝ። ከዚያ 3 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ በስቼ በድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ አሰርኩት። አባቴ ነገ "ሰዓቶቼን መልስ" ቢለኝ ብሎኖቹን ፈትቼ እመልሳለሁ። ይህንን ክፍል ምክር ፈልጌ አይደለም የጻፍኩት፤ ኮርቼበት ነው።

ጉዱ ያለው ከኋላ ነው። ከአሮጌው የነቀልኩትን ሽቦ በአዲሱ ተመሳሳይ ቦታ እየሰካሁ ሄድኩ። የፍጥነት ቆጣሪው በድሮው ጊዜ በሚሽከረከር ገመድ ስለሚሠራና የኤሌክትሪክ ኃይል ስለማይፈልግ ከፊውዝ ሳጥኑ በቀጥታ አዲስ ሽቦ ሳብኩለት። ለሁለተኛው ጌጅ ግን የድሮው የነዳጅ ጌጅ ይጠቀምበት የነበረውን ፈዛዛ አረንጓዴ ሽቦ ሰጠሁት። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

ቁልፍ ስከፍት መርፌዎቹ እስከ ጫፍ ሄደው ይመለሳሉ። መመሪያው ይህ ራሳቸውን ሲፈትሹ ነው ይላል። የፍጥነቱ አንድ ጊዜ ፈትሾ ያርፋል። ሁለተኛው ጌጅ ግን አያርፍም፤ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ለአፍታ ሲቆም ያየሁት የነዳጅ መርፌ ደግሞ ታንኩን ሞልቼው ሳለ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ይላል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ በቴስተር ስለካ 12.3 ቮልት ነው። ጋዝ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ 14.2 ይደርስና እዚያው ይቆያል። ከዚህ ሥራ በፊት እንዲህ አያደርግም ነበር። ዲናሞው በአጋጣሚ ሞቶ ነው?

ፈጣን_መፍቻ፦

ጌጁ የተበላሸ ነው፤ ሳይዘገይ መልሰህ ገንዘብህን ተቀበል። ዲናሞውም ብሩሹ አልቆ ይሆናል፣ ቀይረው።

ሽቦ_ስፈታ_ኖርኩ፦

ዲናሞውን አትንካ፣ ጌጁንም አትመልስ። ሦስቱም አቤቱታዎችህ ከአንድ ስህተት የተወለዱ ናቸው፤ አሮጌውን ጌጅ ማሳያ ብቻ አድርገህ ቆጠርከው። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ ጌጁም፣ አምፖሉም፣ የጌጁ ቆርቆሮ ራሱም ሥራ ነበራቸው። ነቅለህ ስታወጣቸው ሥራቸውን የተረከበ የለም።

ከሚጨፍረው ልጀምር። ከአሮጌው ጌጅ ጀርባ አካባቢ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ታገኛለህ፤ የቮልት ስታቢላይዘር ናት። ውስጧ የሁለት ብረት ቅጠልና የሚያሞቀው ቀጭን ሽቦ አለ። ሲሞቅ ይታጠፍና ኃይሉን ይቆርጣል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ሲቆርጥና ሲቀጥል በአማካይ 10 ቮልት ይሰጣል፤ በአማካይ ነው ያልኩህ። የድሮዎቹ የነዳጅና የሙቀት ጌጆችም በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ስለሆኑ፣ ዝግተኞች ናቸውና መቆራረጡ አይሰማቸውም። አዲሱ ጌጅህ ግን ውስጡ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ያቺ ሳጥን ኃይል በቆረጠች ቁጥር ይጠፋል፤ በመለሰች ቁጥር እንደ አዲስ ተነስቶ ራሱን ይፈትሻል። ፈዛዛውን አረንጓዴ ሽቦ ተወውና ከፊውዝ በኋላ ቁልፍ ሲከፈት ሙሉ ቮልት ከሚያገኘው አረንጓዴ ሽቦ ውሰድ። በመሃል ለጌጁ ብቻ የምትሆን ባለ 3 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ስታቢላይዘሯን አትጣላት፤ የአባትህ ሰዓቶች የተመለሱ ቀን ያለሷ ይዋሻሉ።

ነዳጁ ይቀጥላል። በታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚልከው የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) መጠን ነው፤ ኦሙን ወደ መርፌ የሚተረጉመው ጌጁ ነው፤ ተርጓሚና ተናጋሪ አንድ ቋንቋ ካላወሩ ያው ነው። የአንተ ዓይነት የእንግሊዝ ተንሳፋፊ ታንኩ ባዶ ሲሆን ወደ 240 ኦም፣ ሲሞላ ወደ 30 ይወርዳል። የጌጅህ ወረቀት ላይ "10–180" የሚል ካለ የቪዲኦ (VDO የተባለው የጌጅ አምራች) ሥርዓት ነው፤ ለእሱ 10 ባዶ፣ 180 ሙሉ ነው። የሞላው ታንክህ 30 ኦም ሲልክለት "ሊያልቅ ነው" ማለቱ አያስደንቅም። የቆዩ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) መኪኖች ከ0 እስከ 90፣ የቆዩ ፎርዶች ከ73 ወደ 10 ናቸው፤ ስለዚህ ጌጅ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ይህንን ቁጥር ይጠይቅ። ሬዚስተር (ኦም የሚጨምር ትንሽ ዕቃ) ጨምሬ አስተካክላለሁ እንዳትል፤ ሬዚስተር መርፌውን ይገፋዋል እንጂ አይገለብጠውም። ወይ ጌጁ የኦሙን ዓይነት መምረጫ እንዳለው እይ፣ ወይ ከጌጁ ጋር የሚስማማ ተንሳፋፊ ታንኩ ውስጥ ግጠም።

አሁን ብዙ ጤነኛ ዲናሞ ያለ ጥፋቱ ወደሚጣልበት ጉዳይ እንምጣ። ያቺ ቀይ የቻርጅ አምፖል ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለችም። ቁልፍ ስትከፍት የዲናሞው መነሻ ጉልበት የሚደርሰው በአምፖሏ ውስጥ አልፎ ነው። 2.2 ዋት አምፖል ወደ 0.18 አምፔር ያሳልፋል፤ ኤልኢዲ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ዲናሞው በዚህ አይነቃም። ጋዝ ስትረግጥ በውስጡ በቀረችው ትንሽ ማግኔት ራሱን ቀስቅሶ ይነሳል፤ ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ከረገጥክ በኋላ 14.2 ላይ የሚቆየው። መድኃኒቱ ከኤልኢዲው ጎን ለጎን 47 ወይም 68 ኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ማሰር ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ በደንብ ስለሚሞቅ ከፕላስቲክና ከሽቦ ራቅ አድርገው። እኔ ግን የምመርጠው ሌላ ነው፦ የድሮዋን አምፖል ከነቤቷ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ደብቄ ከኤልኢዲው ጎን አስራታለሁ። ማንም አያያትም፣ ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ነገር ብቻ፦ ሬዚስተሩን ትተህ ሽቦ በቀጥታ እንዳታገናኝ። ዲናሞው በዚያ ሽቦ ወደ ኋላ ኃይል ስለሚሰጥ ቁልፉን አጥፍተህም ሞተሩ አልጠፋም ሊልህ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው አይቻለሁ፤ ቁልፉን በእጁ ይዞ ከመኪናው ውጭ ቆሞ ሞተሩን ያዳምጥ ነበር።

የቮልስ_እመቤት፦

ሽቦ_ስፈታ ያሉት ስለ አምፖሏ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። እኔ ሁለት ወር ባትሪዬን ስወቅስ ኖሬያለሁ።

ስለ ፍጥነቱ ማንም ስላላነሳ ልጨምር። የእኔ ቮልስ (ቢትል) የፍጥነት ገመዷ የሚወጣው ከግራ የፊት ጎማ መሃል ስለሆነ ሴንሰር የሚሰካበት ምቹ ቦታ አጣሁና የጂፒኤስ ቆጣሪ ገጠምኩ። ይሠራል፤ ግን ስነሳ ሳተላይት እስኪያገኝ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ዋሻና ጣሪያ ሥር ይጠፋዋል። አንተ ግን ዕድለኛ ነህ፤ ያንተ ገመድ ከትራንስፈር ሳጥኑ (የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያካፍለው) ነው የሚወጣው። ገመዱ ይታሰርበት በነበረው ቦታ ላይ የሚሰካ ሴንሰር አለ፣ ጥርሱ መግጠሙን ብቻ አረጋግጥ። ከዚያ ቆጣሪውን ማስለመድ አለብህ፦ የቆጣሪውን መጫኛ ተጭነህ በትክክል የተለካ 1 ኪሎሜትር ትነዳለህ፣ ስትጨርስ ደግመህ ትጫናለህ። ይህንን ጎማ ከመቀየርህ በፊት አድርገህ በኋላ ከ6.00-16 ወደ 7.50-16 ብትሄድ ልፋትህ ገደል ገባ፤ እንደገና ነው።

ደግሞ አንድ ልመና። የዘይት ግፊት መርፌ መጣልኝ ብለህ የድሮውን የዘይት መብራት እንዳትነቅል። ቲ መገጣጠሚያ (ሦስት አፍ ያለው) አስገብተህ ሁለቱንም ያዝ። መርፌ የሚጠቅመው የሚያየው ሰው ሲኖር ነው፤ ቀይ መብራት ግን መንገድ ላይ ያለ ዓይንን ይጠራል።

የአባቴ_ላንድሮቨር፦

ጋሼ ሽቦ_ስፈታ፣ እጅዎን ይባርክ! ሳጥኗን አገኘኋት፣ አውራ ጣቴን የምታክል ነች። ኃይሉን ወደ አረንጓዴው ሽቦ አዛወርኩ፤ ጌጁ አንድ ጊዜ ራሱን ፈትሾ ዝም አለ። የድሮዋን አምፖልም እንዳሉት ደበቅኋት፤ ጋዝ ሳልነካ 13.9 ቮልት! ወረቀቱን ፈልጌ ሳይም እውነትም 10–180 ነው፣ መምረጫ የለውም። ተንሳፋፊ አዝዣለሁ።

ግን አሁን ጌጁ ረጋ ሲል ሌላ ነገር ታየኝ። ሞተሩ ሞቆ 80 ላይ ቆሞ ሳለ ትልቁን መብራት ሳበራ የሙቀት መርፌው ወደ 95 ይወጣል። ፍሬቻ ካበራሁ ደግሞ መርፌው ከፍሬቻው ጋር ቲክ ቲክ እያለ ይዘላል። መብራት ሞተር አያሞቅም መቼም?

ሽቦ_ስፈታ_ኖርኩ፦

አያሞቅም። ማሳህ ነው፤ ኔጋቲቩን ማለቴ ነው። ለጌጁ ከየት አመጣኸው? ከመብራቱ ጥቁር ሽቦ ላይ ተበድረህ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የአንተ መኪና አካሉ አሉሚኒየም፣ የፊት ግድግዳው ብረት ነው፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ከ50 ዓመት በኋላ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ነው። የመብራቱ ትልቅ አምፔር በዚያ በተበላ መንገድ ሲመለስ የጌጁን ኔጋቲቭ ከፍ ያደርገዋል። የሙቀት ሴንሰሩ ግን ሞተሩ ላይ ስለሆነ ከፍ አይልም። ጌጁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት "ሙቀት" ብሎ ያነበዋል።

መገመት አያስፈልግም፣ ለካው። ቴስተርህን ቮልት ላይ አድርግ፤ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጌጁ ኔጋቲቭ ላይ አሳርፍ፤ ከዚያ መብራቱን አብራ። ከ0.1 ቮልት ካለፈ ለጌጁ የራሱ የሆነ ሽቦ እስከ ባትሪው ሳብለት፣ ከማንም ጋር አይጋራ። የሙቀት ሴንሰሩን ስትገጥም ደግሞ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን (የቧንቧ ቴፕ) ጠምጥመህ ከሆነ አውጣው። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሴንሰር ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ ነው።

የአባቴ_ላንድሮቨር፦

0.6 ቮልት! ቴፍሎንም ጠምጥሜ ነበር፣ ያውም በኩራት፣ ሦስት ዙር። አወጣሁት። ከጌጁ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ወፍራም ጥቁር ሽቦ ሳብኩ፤ አሁን መብራት በርቶ 0.02 ነው፣ ፍሬቻውም መርፌውን አያስጨፍረውም።

ተንሳፋፊው እስኪመጣ አባቴ ነዳጁን ገልብጦ ማንበብ ለምዷል። ዛሬ ጠዋት "ሙሉ ይላል፣ ቶሎ ነዳጅ እንቅዳ" አለኝ። የፍጥነቱን 1 ኪሎሜትር ቅዳሜ እናስለምዳለን፤ መንገዱን የሚለካልኝ እሱ ነው።

ሽቦ_ስፈታ_ኖርኩ፦

ተንሳፋፊው ሲመጣ ታንኩ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ውጭ ላይ ከጌጁ ጋር አገናኘውና ክንዱን በእጅህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ክንዱ ታች ሲሆን ባዶ፣ ላይ ሲሆን ሙሉ ማለቱን በዓይንህ እይ። የክንዱንም ርዝመት ከአሮጌው ጋር አስተያይ፤ ረጅም ከሆነ የታንኩን ወለል ቀድሞ ይነካና ሩብ ታንክ ላይ ይቆማል። ይህን ሁሉ ስታደርግ የባትሪው ኔጋቲቭ የተነቀለ ይሁን፤ ጌጁን ለመፈተሽ ስትመልሰው ደግሞ ታንኩ ክፍት ሆኖ ከአጠገብህ እንዳይኖር።