11ኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ልጨርስ ነው፤ ድሬ ውስጥ የመንግሥት ድጋፍ ይኖር ይሆን?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 23 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። በ2012 መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 11ኛ ክፍል ነበርኩ። ሲከፈት እናቴ ታማ ስለነበር ሥራ ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አሁን ከዚራ ካፌ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማለዳ ገብቼ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ነው የሚያልቀው፣ ታናሽ ወንድሜንም የማስተምረው እኔ ነኝ።

አንዲት ደንበኛችን «አቋርጠው ለሚመለሱ ወጣቶች መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል» አለችኝ። እውነት ነው? ከሆነ የት ነው የሚጠየቀው? የማታ እንዳልመዘገብ ወርሃዊ ክፍያው ያስፈራኛል። ደግሞስ ከስንተኛ ክፍል ነው የምጀምረው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የማታ አስተማሪ

እህቴ፣ እንኳን አሰብሽው። በ23 ዓመት መመለስ ምንም አይደለም፤ እኔ ክፍል ውስጥ ልጆቻቸውን አስተኝተው የሚመጡ እናቶች አሉ።

ስለ ገንዘቡ ቁርጡን ልንገርሽ። «ትምህርት ላቋረጠ» ተብሎ ለተማሪ በእጁ ሲሰጥ ያየሁት ብር የለም። የመንግሥት ገንዘብ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው፦ የመምህራን ደመወዝ፣ መጽሐፍ፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ። ስለዚህ ድጋፉን የምታገኚው መቀመጫ ይዘሽ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት በቀን ብትማሪ የትምህርት ክፍያ የለብሽም። ሥራሽ በፈረቃ ከሆነና አሠሪሽ የከሰዓት ፈረቃ ሊሰጥሽ ከቻለ፣ ማታ ብለሽ ከመወሰንሽ በፊት ርዕሰ መምህሩን «በቀን ትቀበሉኛላችሁ ወይ» ብለሽ ጠይቂ። በዕድሜ ምክንያት የሚያንገራግሩ አሉ፤ በቃል እምቢ ካሉሽ ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቢ።

ማታ የሚከፈለው ለምን መሰለሽ፦ የመምህሩ ደመወዝ የቀኑን ሥራ ነው የሚሸፍነው። ማታ የሚያስተምር በክፍለ ጊዜ ነው የሚታሰብለት፣ ያም የሚወጣው ተማሪው በየወሩ ከሚከፍለው ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ቢያዝንልሽም ዝም ብሎ «አትክፈይ» ማለት አይችልም፤ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጠው ወረቀት ያስፈልገዋል። ያ ወረቀት የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነሐሴ ላይ ይዘሽ ቅረቢ። ነፃ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል።

ከገንደ ቆሬ

አቦ ደብዳቤው ላይ ልጨምር፣ እኔ በማታ ነው 12ኛን የጨረስኩት። ቀበሌ ሄደሽ «ለትምህርት ቤት ደብዳቤ ጻፉልኝ» ካልሽ የሚሰጡሽ «የቀበሌያችን ነዋሪ ናት» የሚለውን ነው። እሱ አድራሻ ከማረጋገጥ ሌላ ለምንም አያገለግልም። ደብዳቤው «የመክፈል አቅም የሌላት ስለሆነ ከክፍያ ነፃ እንድትሆን ትብብር እንዲደረግላት» የሚል ቃል ይኑረው፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደተጻፈም በስም ይጠቀስ። ቁጥርና ቀን እንዳለው ማኅተም ሳይደርቅ እዚያው ቆመሽ አንብቢ። በደባል የምትኖሪ ከሆነ ወይም መታወቂያሽ የሌላ ቀበሌ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ። የጎረቤት ምስክር ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ የአከራይሽ ቃል ብዙ ይረዳሻል።

ከክፍያው ይልቅ እኔን ያስለቀሰኝ የድሮው ትምህርት ቤቴ ነው። ትራንስክሪፕት ለመስጠት ክሊራንስ (የትምህርት ቤቱ ንብረት እጄ ላይ እንደሌለ የሚገልጽ ወረቀት) ጠየቁኝ፣ ክሊራንሱ ላይ ደግሞ ያልመለስኩት የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተመዝግቦ ተገኘ። በኮሮና ጊዜ መጽሐፍ ቤት ይዘን ስለቀረን ብዙ ሰው ይሄ ይደርስበታል። መጽሐፉ ቤትሽ ካለ አሁኑኑ ፈልጊው። ከጠፋ የዋጋውን ከፍለሽ ደረሰኝ ያዢ፤ አሁን መጽሐፉ ስለተቀየረ «ያንኑ ገዝተሽ አምጪ» የሚሉሽ ከሆነ ከየትም አታገኚውም፣ በገንዘብ ይተኩልሽ። የ9ኛና የ10ኛ ውጤትሽን፣ የ11ኛ የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ካርድሽን፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን ኮፒ አድርገሽ ዋናውን ለማንም አትስጪ።

የማታ አስተማሪ

ልክ ነሽ። የክፍሉን ነገር ዘልዬው ነበር። በ2012 ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር የነበሩት ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወሩ ተወስኖ ስለነበር፣ ካርድሽ ላይ «ተዛውራለች» ተብሎ ተሞልቶ እንደሆነ እዪ። ተሞልቶ ከሆነ 12ኛ ልግባ ማለት ትችያለሽ። የኔ ምክር ግን ከ11ኛ ጀምሪ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ ስድስት ዓመት ከደብተር ርቀሻል፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2017 8.4 በመቶ ደርሷል። አንድ ዓመት ቆጥበሽ ሁለት ዓመት እንዳታጪ ብዬ ነው። 9ኛ ድረስ ግን ማንም አይመልስሽም፣ ማስረጃሽ እስካለ ድረስ።

ከሐረር

እኔ የምለው ለምን 12ኛን ብቻ ታያላችሁ? 10ኛን ጨርሳለች። ከተማችሁ ውስጥ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ አለ፣ በደረጃ ገብታ የብቃት ምዘና ወስዳ ሙያ ይዛ ትወጣለች። የሆቴል ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ አካውንቲንግ። እኔ ሐረር ላይ በዚህ መንገድ ነው ሥራ የያዝኩት። በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚቀርበው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። «በርቀት በአጭር ጊዜ 11ኛና 12ኛን እናስጨርሳለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የትምህርት ቢሮ ሄደሽ የዚያ ዓመት ፈቃድ እንዳለው አረጋግጪ። ጓደኛዬ አጠራቅማ ከፍላ፣ ለፈተና ስትመዘገብ ውጤቷ ተቀባይነት የለውም ተባለች። ገንዘቧም ዓመቷም ቀረ።

ከገንደ ቆሬ

ወንድሜ ሙያው ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን እሷ የጠየቀችው ስለ 12ኛ ነው። በየቢሮው በር ላይ የሚለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ይላል፤ ጽዳትና ጥበቃ ሳይቀር። ፈተናውን ባታልፍ እንኳ መጨረሷ ይቆጠርላታል። ሙያውን ከዚያ በኋላ መማር ትችላለች፣ በር አይዘጋባትም።

ሴፍቲኔት ላይ የምሠራ

የብር ድጋፉን ወሬ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከምን እንደመጣ እገምታለሁ። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ በ2009 ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ነበሩበት። የሚከፈለው ለተመረጠ ቤተሰብ ነው፣ በአካባቢ ሥራ ተሠርቶበት፤ መሥራት ለማይችሉ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ። ከክፍያው 20 በመቶው በባንክ ይቆጠባል። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ለወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድ ተጨመረበት፣ ወጣቶች ድርጅት ውስጥ እየተለማመዱ ክፍያ ያገኛሉ። ሰው «መንግሥት ለወጣት ይከፍላል» የሚለው ይሄን ይመስለኛል። ለትምህርት ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም።

ግን ለአንቺ ሊጠቅም ይችላል። ምርጫው የሚካሄደው በቀበሌ ነው፣ በሰፈር ኮሚቴ። እናትሽ ታማሚ ከሆኑና ቤተሰቡ ከዚህ በፊት ካልታቀፈ፣ ለደብዳቤው ስትሄጂ «አዲስ ምዝገባ መቼ ነው» ብለሽ ጠይቂ። ቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ገቢ ከገባ ከደመወዝሽ ለትምህርት የሚተርፍሽ ይኖራል። ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም፣ ዙሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካርዴ አለ፣ አሁን አየሁት፤ «ወደ 12ኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል፣ ማኅተም አለው። ግን ከ11ኛ እጀምራለሁ፣ አሳምናችሁኛል። የጂኦግራፊና የሒሳብ መጽሐፍ ቤት አሉ፣ እመልሳለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ረመዳን ላይ ማታ ክፍል እንዴት ነው የሚሆነው? ለፈተናው ጊዜ ደግሞ አሠሪዬ ፈቃድ ባይሰጠኝስ?

የማታ አስተማሪ

ረመዳን ላይ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከአፍጡር ጋር ስለሚጋጭ እኛ ጋ ሰዓቱን ገፋ እናደርገዋለን፤ ስትመዘገቢ የትምህርት ቤቱን ልማድ ጠይቂ። ካልገፉት ከጾመኞቹ ጋር ሆናችሁ ቀድማችሁ አመልክቱ፣ እንቢ የሚል ያለ አይመስለኝም።

ፈቃዱን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ እንደሚወሰን ነው የሚለው። ካፌያችሁ ደንብ ከሌለው በስምምነት ነው የሚያልቀው። የዓመት ፈቃድሽን አታውጪው፣ ለፈተናው ሰሞን አስቀምጪው። በኦንላይን ሳይሆን በወረቀት የምትፈተኚ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የምታድሪው፣ ስልክ አይገባም፣ ለእናትሽና ለወንድምሽ የሚሆን ሰው አስቀድመሽ ፈልጊ። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች በተለያየ ዙር ስለሚገቡ ቀኑ እንደታወቀ ለአሠሪሽ በጽሑፍ ንገሪው።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ካላወጣሽም አሁን አውጪ፣ ምዝገባው ነፃ ነው። ስምሽ ከ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን እዪ፤ «ፋጡማ»ና «ፋጡም» ተብሎ ተለያይቶ በምዝገባ ሰሞን ፍርድ ቤት የተመላለሰ ተማሪ አለኝ።