ቦርሳ ውስጥ የማያፈስ ፔርሙዝ አለ?

ጠያቂ፦ በየቀኑ የምይዘው ትንሽ ፔርሙዝ ፍለጋ ደከመኝ። የመጀመሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ፈስሶ ወረቀቴን ሁሉ አበላሸው፣ ሁለተኛው አያፈስም ግን ሻዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለብ ይላል። ምን ልግዛ?

መልስ 1፦ ድርብ ብረት ሆኖ መሃሉ አየር የሌለውን ፈልግ። የፈላ ውሃ ጨምረህ ውጪውን ዳስሰው፣ ከሞቀ ተወው። ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በክዳኑ በኩል ስለሆነ አፉ ጠበብ ያለ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ይሁን። በአንድ ጣት የሚከፈተው ያምራል እንጂ አይታመንም።

መልስ 2፦ መጀመሪያ በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ አሙቀውና ድፋው። ደግሞ ሙላው፣ ግማሽ ከሆነ ቶሎ ይበርዳል።

መልስ 3፦ የክዳኑን ጎማ እያወጣችሁ እጠቡ! የእኔ ሻይ ለወራት ቡና ቡና ሲል ከርሟል።

ጠያቂ፦ ጎማው ይወጣል እንዴ? አሁን ሳየው የእኔ ተሰንጥቋል።