ኦሲዲን በደንብ ያሳየ ፊልም የምታውቁ? ለእናቴ ላሳያት ነው

የአባይ ማዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ሐኪም ኦሲዲ ነው ብሎታል፤ የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም ማለት ነው። ሰው ኦሲዲ ሲባል እጅ መታጠብ ይመስለዋል፤ የሱ እጅ ግን ግሪስ ተለይቶት አያውቅም። የሱ ጣጣ ሌላ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ነጠር ካለ «ሰው ገጨሁ» ይላል። ተሳፋሪውን እንዳወረደ ይመለስና አስፋልቱ ላይ በስልኩ መብራት ደም ይፈልጋል። ምንም የለም። ሲመለስስ ሌላ ሰው ገጭቶ ቢሆን? እንደገና ይዞራል። የቀን ገቢው በቤንዚን ያልቃል። ማታ ደግሞ «አደጋ ደረሰ ሲባል አልሰማሽም? ማይልኝ» እያለ ያስምለኛል።

እማዬ «ሥራ ጠልቶ ነው» ባይ ናት። ፊልም ስለምትወድ እየተረጎምኩላት ሞንክ የሚባለውን የመርማሪ ተከታታይ ድራማ ጀመርን። በሳቅ ፈረሰች! ሰውየው ጀርም ይፈራል፣ ወተት ይፈራል፣ በዚያው ጠባዩ ግን ወንጀለኛ ያድናል። «የኔንም ልጅ ፖሊስ ይቅጠሩታ» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ነገር ጠቁሙኝ።

ደንገል፦
አቪዬተርን ሞክሪ፣ የ2004ቱን። ዲካፕሪዮ ሃዋርድ ሂዩዝን ሆኖ የሠራበት ነው። ሽንት ቤት ውስጥ በራሱ ሳሙና እጁን እስኪደማ ያሻል። ከዚያ የበሩን እጀታ መንካት ያቅተውና ሌላ ሰው እስኪከፍት ቆሞ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሀብታም፣ አውሮፕላን የሚያበር ሰው! እዚያ ላይ የሚስቅ ሰው አላየሁም። እጅ መታጠብ ቢሆንም ፍርሃቱ ያው የወንድምሽ ነው።

ወፍ ዘራሽ፦
ከኛ ድራማ ግን አትጠብቂ። በኛ አገር የአእምሮ ሕመም ማለት ጸጉሩ ተንጨባርሮ፣ ጆንያ ለብሶ መሀል መንገድ የሚስቅ ሰው ነው። ወይ ፍቅረኛው ከድታዋለች፣ ወይ መተት ተደርጎበታል። መጨረሻ ክፍል ላይ ጸበል ይረጩትና ከረባት አስሮ ብቅ ይላል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ያው ናቸው፤ ጃክ ኒኮልሰን ኦስካር የበላበት የ1997ቱ አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ ላይ በሩን ደጋግሞ ሲቆልፍ የኖረውን ሰውዬ ፍቅር ይይዘውና መቆለፉን ይረሳል። እማማ ይህን ካዩ ልጁን ዳሩት ነው የሚሉሽ።

ነርሱ፦
እህቴ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። የወንድምሽ ዓይነት ብዙ አለ፤ ፊልም ላይ ግን አይመጣም፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ የሚነዳ ሰው ብቻ ነው። ማታ ማታ የምትምዪለት ነገር ለዚያች ሰዓት ያሳርፈዋል፤ ሕመሙን ግን ይቀልበዋል፣ ነገም ማይልኝ ይልሻል። ሕክምናው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ከባለሙያ ጋር ከቀላሉ ጀምሮ፣ ጉድጓዱን አልፎ ሳይመለስ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መቻል። መሐላውንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱት። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳይተወው። ጸበል እሄዳለሁ ካለም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

የአባይ ማዶዋ፦
ነርሱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመሐላውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮው አብሬው ገብቼ አነሳዋለሁ። ወፍ ዘራሽ፣ መዳሩን እማዬ ቀድማሽ ብላዋለች 😂

ደንገል፣ አቪዬተር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም አሉ። እማዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተቀመጠች ታንቀላፋለች፣ መብራቱም አይታመንም። የሽንት ቤቱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?