አስቸኳይ፦ አርኤ ልቀበል ወይስ ፌሎሺፕ? እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ተብያለሁ

ማርሽ_ቤት (ጠያቂ)፦
ወገኖች፣ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። አሜሪካ ለፒኤችዲ፣ ሜካኒካል፣ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። አንዱ አርኤ (በፕሮፌሰሩ ምርምር ላይ እየሠራሁ የሚከፈለኝ) 30,000 ዶላር፣ ሌላው ፌሎሺፕ (ሥራ የሌለበት የትምህርት ድጋፍ) 34,000። የሚበልጠው ፌሎሺፑ ስለሆነ እሱን ልይዝ ነበር፤ የአርኤው ፕሮፌሰር ግን እስከ ኤፕሪል 10 ካልመለስክ ለሌላ ተማሪ እሰጠዋለሁ አለኝ። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። የፌሎሺፑ ደብዳቤ ገና እጄ አልገባም፣ በኢሜይል ብቻ ነው የነገሩኝ።

የአራት_ኪሎዋ፦
እንኳን ደስ ያለህ! ሁለት ቦታ ተጠርቶ መጨነቅማ ቡና የሚፈላበት ጭንቀት ነው። ግን ዋናውን አልነገርከንም። ክፍያው የ9 ወር ነው የ12? ከሁለተኛው ዓመት በኋላስ ማን ይከፍላል? ትዩሽን (የትምህርት ክፍያ) ሁለቱም ይሸፍናሉ ብዬ ልያዝ፤ የሴሚስተር ፊውንና (ከትዩሽን ውጪ የሚጠየቀውን ክፍያ) የጤና ኢንሹራንሱንስ?

ጋሽ_ድልድይ፦
ልጄ፣ አትደንግጥ። አሜሪካ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው የኤፕሪል 15 ስምምነት የሚባል አለ። የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች ለገንዘብ ድጋፍ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንድትሰጥ አያስገድዱህም። ፌሎሺፕም፣ አርኤም፣ ቲኤም (በማስተማር ሥራ የሚከፈል) ይገባበታል። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በፈራሚዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እይ። ካለ ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን ለዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ጻፍ፦ ቦታውን በጣም እንደምትፈልገው፣ አንድ መልስ እየጠበቅክ መሆኑን፣ እስከ 15 ጊዜ እንዲሰጡህ። ለፕሮፌሰሩ ግልባጭ አድርግለት። ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሮች ደንቡን ስለማያስታውሱ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። በቁጣ አትጻፍ፣ ነገ አድቫይዘርህ (የምርምር አማካሪህ) ሊሆን ይችላል።

ሰሚት72፦
ፌሎሺፕ ላይ ለግብር 14 በመቶ ይቆረጣል። 4,760 ዶላር ጠፋ በል። አርኤ ያዝ።

የቁጥር_ሰው፦
@ሰሚት72 አይጠፋም። ለኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ተማሪ ከስቲፔንዱ (ለመኖሪያ ከሚሰጠው ገንዘብ) 14 በመቶ የሚያዘው በቅድሚያ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ የተያዘውን የሚያሳይ 1042-ኤስ የተባለ ቅጽ ይደርሰዋል፣ በ1040-ኤንአር የግብር ቅጽ ያስታውቃል፣ ትርፉ ይመለስለታል። በ2025 የፌዴራል ሰንጠረዥ እስከ 11,925 ዶላር 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 48,475 ደግሞ 12 በመቶ ነው። ሙሉ ዓመት ቢከፈለው 34,000 ላይ ግብሩ ወደ 3,840 ነው፤ ከ4,760 ላይ 920 ገደማ ይመለሳል። 30,000 አርኤ ላይ 3,360 ገደማ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት የላትም፣ ስለዚህ በሁለቱም ላይ ግብር ይከፈላል። የስቴት ግብር ለብቻው ነው።

ፌሎሺፕ ብቻ ላለው ግን አንድ ችግር አለ። ኤፍ-1 ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚያገኘው ሥራ ሲኖረው ነው፤ ፌሎሺፕ ደግሞ ሥራ አይደለም። ለግብሩ በምትኩ አይቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) በደብሊው-7 ቅጽ ማውጣት ይኖርበታል።

ራይን_ዳር፦
አውሮፓን ለምን አታስብም? የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፍላል።

የአራት_ኪሎዋ፦
@ራይን_ዳር ማስተርስ እኮ ነው፣ እሱ የያዘው ፒኤችዲ ነው። የሚወስነውም በዚህ ሳምንት ነው።

ማርሽ_ቤት (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትዩሽንና ኢንሹራንስ ሁለቱም ይሸፍናሉ። አርኤው 12 ወር ነው፣ ፊም ይከፍላል። የፌሎሺፑ ኢሜይል «ለ9 ወር፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ገንዘብ ከተገኘ በቲኤ» ይላል። ፊ በሴሚስተር 1,200 በራሴ ነው።

የቁጥር_ሰው፦
እንግዲህ ከ4,000 ልዩነት ላይ 2,400 ፊ ሄደ። የግብሩ ልዩነት ደግሞ 480 ነው። የቀረህ 1,120 ዶላር፣ እሱም ለአንድ ዓመት ብቻ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
«የሚበልጠው ፌሎሺፑ ነው» የሚለው መነሻህ ላይ ነው የማልስማማው። ፒኤችዲ አምስት ዓመት ገደማ ነው፤ አንተ የምታወዳድረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ገንዘብ ከተገኘ» የሚል ቃል ያለበት ኢሜይል ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ምንም ቃል አልገባልህም። አርኤውንም ግን በደፈናው አትመን፣ የተንጠለጠለው በፕሮፌሰሩ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) ላይ ነው። ግራንቱ መቼ ያልቃል? ካለቀ ዲፓርትመንቱ በቲኤ ይደግፋል? ፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ቢቀይርስ? እነዚህን ሦስቱን በኢሜይል ጠይቅ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ፌሎሺፕ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አድቫይዘርህን አይተህ ትመርጣለህ። የምርምር ርዕስህን ገና ካልለየህ ያ ነጻነት ከ1,120 ዶላር ይበልጣል።

ሰሚት72፦
ኤፕሪል 15 ድረስ ጠብቅ፣ ደንብ አለ።

ጋሽ_ድልድይ፦
ብያለሁ እኮ። ግን አንድ ልጨምር፦ ኤፕሪል 15 በእኛ ሚያዝያ 7 ነው እንጂ ሚያዝያ 15 አይደለም። በሁለቱ አቆጣጠር ተምታቶበት ቦታ የሚያጣ አለ። ሰዓቱም ያሳስታል፤ በምሥራቅ አሜሪካ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ካሉህ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነው። አርኤውን አሁን ተቀብለህ ፌሎሺፑ ቢበልጥብህ እስከ 15 በጽሑፍ መልቀቅ ትችላለህ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃልህን ማጠፍ ከባድ ነው።

የአራት_ኪሎዋ፦
አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠው ቅጽ) ላይም ፌሎሺፑ ያስቸግርህ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ይቆጥራል፤ ፊውና ክረምቱ ካልተሸፈነ ለጎደለው የባንክ ማስረጃ ሊጠይቅህ ይችላል። ለቪዛ ቀጠሮ ደግሞ አይ-20 ቀድሞ መድረስ አለበት፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ 350 ዶላርም የሚከፈለው በእሱ ላይ ባለው ቁጥር ነው።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
የቲኤውንም ጠይቅ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የውጭ ተማሪ ክፍል ከመግባቱ በፊት የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና ያስፈትናሉ፤ በቶፍል የንግግር ውጤት የሚያልፉም አሉ። ካላለፍክ በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡ ቢገኝም ላይሰጡህ ይችላሉ። የንግግር ውጤትህ ስንት ነበር?