ፈንዱ ቆመ፣ ወረዳው ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ቤት ለቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን በየቤታቸው እየዞረ የሚረዳ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒ እንሰጣለን። ትምህርት ቤት አልቀበልም ሲላቸው ደግሞ ከወላጅ ጋር ሄደን እንከራከራለን። አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣልን የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ተቋም በሆነው በዩኤስኤአይዲ በሚደገፍ ትልቅ ድርጅት በኩል ነበር። ጥር 2017 ላይ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያ የ90 ቀን ግምገማ ነው ተባለ፤ መጋቢት ሲገባ ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፤ ሰኔ 24 ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በመጠባበቂያ ነው የቆየነው፣ እሱም እያለቀ ነው።

አሁን ወረዳው ነፃ ቢሮ እሰጣችኋለሁ ብሏል። ግን ሰልፍ ሲኖር ወላጆቹን ይዘን እንድንወጣ ይፈልጋል፣ «መብት» የሚለውም ከዕቅዳችሁ ቢወጣ ይሻላል ተብለናል። ከቦርዱ ግማሹ እንቀበል ይላል፣ ግማሹ ንግድ እንክፈት ይላል። እኔን የሚያሳስቡኝ ልጆቹ ናቸው። አንዱ ልጅ የሚቆምበት የእንጨት መደገፊያ አለው። ሲያድግ ቁመቱና ማሰሪያው መስተካከል አለበት፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሳትመጣ ስትቆይ እናቱ ያመዋል ብላ ትፈራና ጭራሽ አውርዳ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ እግሩ እየተኮማተረ ይሄዳል።

ደብተር ያዥ፦
እንደናንተ ያሉ ድርጅቶችን ሒሳብ ስለምሠራ ስለ ንግዱ ልመልስ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል። ንግድ ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ ሒሳቡን ለይታችሁ ትይዛላችሁ፣ ግብር ትከፍላላችሁ፣ ትርፉን አባላት አይከፋፈሉትም። ችግሩ መነሻ ገንዘቡ ነው። የቀረቻችሁን መጠባበቂያ ሱቅ ውስጥ አትክተቱ። ይልቅ የምታውቁትን ሽጡ፤ አቅም ላላቸው ቤተሰቦች ሕክምናውን በክፍያ ስጡ፣ ለግል ትምህርት ቤቶች ሥልጠና ስጡ።

ደግሞ 20 በመቶውን እንዳትረሱ። አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢያችሁ ከዚያ መብለጥ የለበትም። ገቢው 5 ሚሊዮን ብር ሲሆን 1 ሚሊዮን ድረስ ታወጣላችሁ፣ 1 ሚሊዮን ሲሆን 200 ሺህ ብቻ ነው። ኪራይ ደግሞ ገቢያችሁ ስለወረደ አይወርድም። ስለዚህ ነፃ ቢሮ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ሰልፍ የሚባል ነገርም አይግባበት።

ለልጆቹ፦
እኔ ተቀበሉ ባይ ነኝ። ዕቅድ ላይ አንድ ቃል መቀየር ልጅ አይጎዳም፣ የባለሙያዋ መቅረት ግን ይጎዳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ኑሮው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሰው ከየት አምጥቶ ይስጣችሁ?

የቆየ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ነገሩ የአንድ ቃል ብቻ አይደለም። የቀድሞው የድርጅቶች አዋጅ 621/2001 ሲወጣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት፣ በሴቶችና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ተደረገ። እኔ የነበርኩበት ድርጅት ደንቡን ቀይሮ ወደ ልማት ገባ። አማራጭ አልነበረውም። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ቀስ እያለ ግን የሕግ ባለሙያዋ ለቀቀች፣ ወላጆች አቤቱታ ይዘው መምጣት ተዉ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ሲታደል ብቻ ሰው የሚመጣበት ቢሮ ሆንን። በ2011 ሕጉ ሲቀየር ቃሉን መመለስ ቀላል ነበር። አቤቱታ ጽፎ፣ ተመላልሶ፣ ውሳኔ የሚያስፈጽም ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልቀረም። እናንተን ዛሬ ሕግ አልከለከላችሁም፤ ሳትከለከሉ አትተዉት። ካልቻላችሁ ሥራውን ቀንሱ፣ ዓላማውን ግን አትንኩ።

ሰልፉን በተመለከተ፣ አዋጅ 1113 ራሱ ድርጅቶቹን ሲተረጉም ወገንተኛ ያልሆኑ ይላል። ይህን ጠቅሳችሁ በትህትና ጻፉላቸው። ገለልተኛ አይደላችሁም መባል ድርጅት እንደሚያሳግድ 2017 ላይ አይተናል፣ እገዳው በኋላ ቢነሳም። ደግሞ ያቺ እናት ባለሙያዋን ቤቷ የምታስገባት የማንም ወገን እንዳልሆነች ስለምታምን ነው። ለወረዳው ሌላ የሚጠቅመው ነገር ስጡት፤ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጆችን ቁጥር፣ ስም ሳትጠቅሱ።

የሰፈር ዕድር፦
የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ወደ ዕድሮች ሂዱ፣ ግን «እርዱን» ብቻ ብላችሁ አትምጡ። የባለሙያዋ የወር ትራንስፖርት ይህን ያህል፣ የሁለት መደገፊያ እንጨት ይህን ያህል ብላችሁ ቆጥራችሁ ኑ። ደመወዝ የሚሸፍን ገንዘብ እኛ ጋ አይገኝም፣ እሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከአባላት መሀል ግን አናጺ አይጠፋም። መደገፊያውን ማስተካከል ባለሙያዋ ብታስተምረው እሷ በተደጋጋሚ መመላለስ ላያስፈልጋት ይችላል።

ቤት ለቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሙያዋን ጠየቅኋት። ቁመቱን አናጺው ይችላል፣ ማሰሪያውን ግን እኔ ሳላይ አይሆንም፣ በወር አንዴ ብሄድ ይበቃል ብላለች። እህቴ ለልጆቹ፣ ቢሮውን ያለ ሰልፍ ከሰጡን እኔም ተቀበሉ ነው የምለው። «መብት» እንዲቆይ ግን ቅዳሜ ቦርዱ ፊት እከራከራለሁ። ደብተር ያዥ፣ ሕክምናውን በክፍያ ለመስጠት ንግድ ፈቃድ ብቻ ይበቃል?

ደብተር ያዥ፦
አይበቃም። የጤና አገልግሎት ስለሆነ ከጤና ተቆጣጣሪው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል፣ ባለሙያዋም የሙያ ፈቃዷ የታደሰ መሆን አለበት። እሱ ጊዜ ስለሚወስድ በሥልጠናው ጀምሩ።