ዲስክ ላይ አንዲት ባይት ሳትጻፍ ማውንት ለማድረግ የትኛው ኦፕሽን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ደንበኛችን የሊኑክስ ሰርቨር መብራት ድንገት ሄዶበት ዲስኩ እኛ ጋ መጥቷል። የሒሳብ ሰነድ ስላለበትና ኋላ ኦዲተር ስለሚያየው ምንም እንዳይነካበት ተብለናል። ዋናውን አስቀምጬ በዲዲሬስኪው (ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም) ሌላ ዲስክ ላይ ሙሉ ኮፒ ወሰድኩ፤ የምሠራው በኮፒው ነው። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ኤክስት4 ነው። መጀመሪያ የፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) ሻ256 ሃሽ (ይዘቱ ትንሽ ቢለወጥ የሚለወጥ አሻራ) አወጣሁ፣ በ«አር-ኦ» (ሪድ-ኦንሊ፣ ለንባብ ብቻ) ማውንት አደረግሁ፣ ማለትም ፋይሎቹ እንዲታዩ ከሲስተሙ ጋር አገናኘሁት፣ አንድም ፋይል ሳልከፍት አንማውንት አድርጌ ሃሹን ደገምኩት። ተለውጧል! ሪድ-ኦንሊ ተብሎ እንዴት ይጻፍበታል? ሌላ የሚጨመር ኦፕሽን ካለ ስሙን ንገሩኝ።

አባል ሀ፦ «ኖኤታይም» ጨምርበትማ። ፋይል ሲነበብ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ከሱ ይሆናል።

አባል ለ፦ ከሱ አይደለም ወንድሜ፤ አር-ኦ ከሆነ የንባብ ሰዓት መጀመሪያውኑ አይመዘገብም። ጠያቂው ደግሞ ፋይል አልከፈተም። ነገሩ ያለው ጆርናሉ ላይ ነው፤ ጆርናል ማለት ፋይል ሲስተሙ ሊጽፍ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ቦታ ነው። አር-ኦ የሚከለክለው ፕሮግራሞች በማውንቱ በኩል እንዳይጽፉ ነው እንጂ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ራሱን አያግድም። መብራት ሲሄድ ጆርናሉ ውስጥ ያላለቀ ሥራ ቀርቷል፤ ኤክስት4 ደግሞ ገና ማውንት ሲደረግ ያንን ሥራ ወደ ዲስኩ ይጨርሰዋል፣ አር-ኦ ብትለውም። የማውንት ማኑዋል ራሱ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል። የምትፈልገው «አር-ኦ፣ኖሎድ» (ro,noload) ነው፣ ኖሎድ ማለት ጆርናሉን አትጫን ነው፤ ሁለቱን በኮማ ለያይተህ፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፋቸው። ኮፒውን ከዋናው እንደገና ገልብጠህ ሞክረው፣ ያሁኑ ተነክቷልና።

አባል ሐ፦ ኖሎድ ትክክል ነው፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመን። ማውንት ከማድረግህ በፊት በዚያው ፓርቲሽን ላይ «ብሎክዴቭ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ሴትአርኦ» ጋር (blockdev --setro) ስጥ፤ ፓርቲሽኑን ራሱን ሪድ-ኦንሊ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ያኔ ኖሎድ ብትረሳ እንኳ ከርነሉ «መጻፍ አልተቻለም፣ መቀጠል አይቻልም» ዓይነት መልእክት ሰጥቶ ማውንቱን እምቢ ይላል። ያን ስታይ ዲስኩ ተበላሸ ብለህ ኤፍኤስሲኬ (ፋይል ሲስተሙን የሚጠግን ትእዛዝ) እንዳታስነሳ አደራ! ጥበቃው ሠራ ማለት ነው። ዲስኩን ነቅለህ ስትሰካ ምልክቱ ስለሚጠፋ እንደገና ስጠው። ዋናውን ዲስክ የምትሰካ ከሆነ ግን ሃርድዌር ራይት ብሎከር (መጻፍን የሚያግድ መሣሪያ) ያስፈልግሃል፤ ብዙ ዴስክቶፖች ገና ስትሰካው በራሳቸው ማውንት ያደርጉታል፣ ያውም ለመጻፍ ክፍት አድርገው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ ኮፒ ገልብጬ በሁለቱም አደረግሁት፤ ሃሹ ፊትና ኋላ አንድ ነው። ሁለተኛው ፓርቲሽን ግን ኤክስኤፍኤስ የሚባል ሌላ ፋይል ሲስተም ነው፤ ኖሎድን አልቀበልም አለኝ።

አባል ለ፦ ለኤክስኤፍኤስ ስሙ «ኖሪከቨሪ» (norecovery) ነው፣ እሱም ከአር-ኦ ጋር ብቻ ነው የሚሠራው። ዋናው ፓርቲሽን እዚያው ማሽን ላይ ማውንት ሆኖ ካለ ሁለቱ አንድ መለያ ስለሚይዙ «ኖዩዩአይዲ» (nouuid) ጨምርበት። ኖሪከቨሪን ኤክስት4ም ያውቀዋል፣ ከኖሎድ ጋር አንድ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ከገጠመህ ደግሞ «ሬስኪው=ኖሎግሪፕሌይ» (rescue=nologreplay) በል።

አባል መ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሒሳብ ነው ስላልክ። ጆርናሉ ካልተጫነ የምታየው መብራቱ በሄደበት ቅጽበት ዲስኩ ላይ የነበረውን ነው። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፋይሎች ሊጎድሉ ወይም ተበላሽተው ሊታዩ ይችላሉ። «ፋይሉ የለም» ብለህ ለደንበኛው ከመንገርህ በፊት ሌላ ኮፒ አውጣና እሱን በተለመደው መንገድ ማውንት አድርገው፤ ጆርናሉ ሥራውን ይጨርስ። ሰነዱን ከዚያኛው አውጣ፣ ሃሹ ያልተለወጠውን ለኦዲተሩ አስቀምጥ፤ የትኛው ፋይል ከየትኛው ኮፒ እንደወጣም ጽፈህ ያዝ።